ሁለት መቶ ግራጫ ወፎች

ሰኞ 1

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። "አባዬ፣ እኛ ላይ ከምትነጫነጭ እዚህ ላይ ተነጫነጭ፤ ወረቀት አይሰለቸውም" አለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፎቶ ቤት ቆሜ የሰውን ሁሉ ጆሮ በመታወቂያ ፎቶ ላይ ቀጥ ሳደርግ የኖርኩት አባቷ ያተረፍኩት ይህን ነው።

ዜናው ጥሩ ስለሆነ መነጫነጩ ትንሽ ይከብዳል። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሃያ አራት ፎቶዎቼን ሊሰቅልልኝ ነው። የመታወቂያዎቹን አይደለም፤ የወፎቹን። በየእሑዱ ሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ያነሳኋቸውን፣ ውኃ ውስጥ እየተራመዱ ጉርሻቸውን የሚለቅሙትን ባለ ረጃጅም እግሮች። ሮዝ ላባ ያላቸው ፍላሚንጎዎች አሉ፤ ሳቢሳዎች አሉ፤ ቤተሰቡ "ባለ ቀይ ካልሲ" የሚላት እግሯ ከሰውነቷ የሚረዝም ወፍም አለች። ባለቤቴ ሁሉንም ጠቅልላ "የእሑዷ ሴትዮ" ነው የምትላቸው። መክፈቻው በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ 18 ነው።

ሁሉም ጥቁርና ነጭ ይሁኑ ስል የአዳራሹ ኃላፊ ደነገጠች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ወጣት ናት።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ የመረጥንዎት ለሮዙ ነው!"

"ሮዝ ለከረሜላ ወረቀት ነው" አልኳት።

"እንግዲህ አርቲስቱ እርስዎ ነዎት" አለች። በጨዋ ቋንቋ ግትር ሽማግሌ ማለቷ ነው።

ደግሞስ ሰሞኑን ቀለም አስጠልቶኛል። ነገሩ ሁሉ ደጋግሞ የታጠበ ይመስላል። ፋብሪካዎቹ ቀለም መቆጠብ ጀምረው ይሆናል።

ረቡዕ 3

ልጄ ኮምፒውተሯን አምጥታ አስተማረችኝ። አንድ ቁልፍ ስትጫናት ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። "በቃ?" አልኳት። በቃ አይደለም። አንዴ ብቻ ተጭኖ የሚተው ሰው ሮዙን ወፍና አረንጓዴውን ውኃ አንድ ዓይነት ሲሚንቶ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ከጎን ስምንት መስመሮች ተደርድረዋል። የቀዩን መስመር ወደ ቀኝ ስትገፋው ቀይ የነበረው ሁሉ ይነጣል፤ ወደ ግራ ስትጎትተው ይጠቁራል። አረንጓዴውም እንዲሁ፣ ቢጫውም እንዲሁ።

"ዋናው ነገር የትኛው ምን ቀለም እንደነበር እያየህ መግፋት ነው" አለች።

እናቷን ሳላገባ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሳጥብ ለኖርኩት ሰውዬ! አመስግኜ ሸኘኋት።

ሰኞ 8

ክሊኒክ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናዬ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ሳሉ ሄዷል፤ ክኒኖቹ አልሄዱም። ነርሷን "ሻለቃ" ብያታለሁ። ፊቷ ካልዋጥን፣ ከዋጥንም በኋላ አፋችንን ከፍተን ካላሳየናት አታሰናብትም።

ዛሬም ያንኑ ትእዛዝ አነበበችልን። "አባባ፣ ከክኒኖቹ አንዱ አንዳንድ ሰው ላይ ዐይን ይነካል። ቀይና አረንጓዴ ከተምታታብዎት ሳያድሩ ይምጡ። ቶሎ ከተቋረጠ ይድናል።" ከዚያ ባለ ነጠብጣቡን መጽሐፍ ዘረጋች። በነጠብጣቡ መሀል ቀለም ለሚለይ ዐይን የሚታይ ቁጥር አለ፤ ያንን ማንበብ ነው።

ከፊቴ የነበረው ሰውዬ፣ ተማሪ ሆኖ ያልጠገበ ይመስል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አሥራ ሁለት! ስምንት! ሃያ ዘጠኝ!" አለ። የኔ ተራ ሲደርስ እኔም አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ አልኩ። ማየት አቅቶኝ አይደለም። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ጊዜ ለመቆጠብ ነው።

"ጎበዝ!" አለች ሻለቃ።

"ካላየሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!" አልኳት።

ሐሙስ 11

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንዱ ክፍላችን መደርደሪያው ሁሉ ክር ነው። ዛሬ ለደንበኛ ቀሚስ ቀይ ክር አልቆባት ላከችኝ። አመጣሁላት። ክሩን መስኮት ዳር ወስዳ ብዙ ጊዜ አየችው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ክር ነዋ።"

"አረንጓዴ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ።"

"የሱቁ አምፖል ነው" አልኩ። "ሻጩም ራሱ ቢጠየቅ አያውቀውም።"

"እ" አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሳምንት ሙሉ ትስቅበት ነበር። ራሷ ሄዳ ገዝታ መጣች።

ቅዳሜ 13

አሥራ አንድ ፎቶ ጨረስኩ። ሥራው ሲወራለት የነበረውን ያህል አይደለም። ኦሪጅናሎቹ ራሳቸው ግማሽ መንገድ ግራጫ ስለሆኑ ብዙም መግፋት የለም። ችግሩ የልጄ ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪኑ አርጅቶ ቀለሙ ለቋል። የቢሮዋን ላፕቶፕ እንድታመጣ አደረግኋት። ያም ለቋል። ሁለቱንም የሸጠ አንድ አታላይ ሱቅ ይሆናል።

ፍላሚንጎዎቹ ትንሽ አስቸገሩ። ሁለት መቶ ይሆናሉ፤ አንድ ጥዋት ከንጋቱ ጀምሮ ጠብቄ ያነሳኋቸው። ቀዩን ገፋሁ፣ አረንጓዴውን ጎተትኩ። ወይም በተቃራኒው። ስሞቹ በቀጫጭን ፊደል ነው የተጻፉት።

ማክሰኞ 16

መንገድ ልሻገር ስል ባለቤቴ በእጅጌዬ ጎትታ መለሰችኝ። ሚኒባሱ አፍንጫዬ ሥር አለፈ።

"ቀይ ነበር እኮ!" አለች።

መብራቱ ላይ ፀሐይ አርፎበት ነበር። ሾፌሩም አልሰደበኝም፤ ጥፋት ቢኖርብኝ ይተወኝ ነበር? ባለቤቴ ግን ቤት እስክንደርስ እጅጌዬን አልለቀቀችም።

ዓርብ 19

ሻይ ፍለጋ ስነሳ በባለቤቴ የስፌት ክፍል በር በኩል ሰማኋቸው። ልጄ ናት፤ "እማዬ፣ ባለ ቀይ ካልሲን እግር አጥፍቶታል። ወፏ አየር ላይ ተንሳፍፋለች። እንዴት አይታየውም?"

የስፌት መኪናው ቆመ። "ተዪው።"

"ሐኪሙን እንጠይቅ?"

"ይህ ነገር ይለፍለትና። ስንት ዘመን ጠብቆ ያገኘው ነው። ካለፈ በኋላ ራሴ እወስደዋለሁ።"

መኪናው እንደገና ጀመረ። ሻዩን ሳልጠጣ ተመለስኩ። ማንን ነው የሚወስዱት? ወፏ አየር ላይ የተንሳፈፈችው ሆነ ብዬ ነው። ነገ እግሯን እመልስላታለሁ።

ሰኞ 22

እግሯን ፈለግሁት። አላገኘሁትም።

ሐሙስ 25

የዚህ ደብተር መስመሮች ደብዝዘዋል። ፊደሌን ተለቅ አድርጌ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ጋዜጣም ማንበብ ትቻለሁ፤ ደግሞ ምን ሊጎድልብኝ!

አንድ ነገር ብጽፍ ማንም አያነበውም። ሻለቃ ዘንድ ሄጄ "ትንሽ ተምታታብኝ" ብላት ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ምርመራ፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ምርመራ፣ "አባባ ይተኙ"። አዳራሹ ደግሞ አይጠብቅም። ወረፋው ላይ ከኔ ቀጥሎ ያለው ያ የአበባ ማስቀመጫ ብቻ የሚስለው ሰውዬ ነው። በኔ ግድግዳ ላይ ሃያ አራት የአበባ ማስቀመጫ ከማይ ምንም ባላይ ይሻለኛል።

ይህን ዐረፍተ ነገር ባልጻፍኩት ጥሩ ነበር። በእስክሪብቶ ስለሆነ አይጠፋም።

ዓርብ 3

ወሩ ባተ። የታተሙትን ናሙናዎች ይዤ አዳራሹ ሄድኩ። ኃላፊዋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ መነጽሯንም ለአንዴ ከግንባሯ አውርዳ ዐይኗ ላይ አደረገችው። ትልቁ ፎቶ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ጋሼ… ወፎቹ የት አሉ?"

"እዚያው አሉ።"

"የት?"

በጣቴ አሳየኋት። እዚህ ጋ ሦስት አንገታቸውን የደፉ አሉ፤ እዚህ አንዷ ክንፏን ዘርግታለች። ልጅቱ ጣቴን ተከትላ ጎንበስ አለች። ከሷ ፊት ነው የተረዳሁት። ወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ሁለት መቶ ፍላሚንጎ በገዛ እጄ ውኃ አድርጌያቸዋለሁ። እኔ የት የት እንደቆሙ በቃሌ ስለማውቃቸው በቃሌ ነበር የማያቸው።

ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ እሷ ቀደመችኝ። "ገባኝ!" አለች። "ገባኝ! መሰወር! ተፈጥሮ ከዐይናችን እየተሰወረች ነው ነው የሚሉን! ጋሼ፣ ይህ ድፍረት ነው። ብሮሹሩ ላይ ይህንኑ እጽፋለሁ።"

በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ማንም ሥራዬን እንዲህ አድንቆልኝ አያውቅም። "እንግዲህ ደረስሽበት" አልኳት። ደረጃውን ስወርድ የመጨረሻውን እርከን ስቼ በጉልበቴ ወደቅሁ። ይህም ድፍረት ነው።

ለባለቤቴ የተደነቅሁትን ብቻ ነገርኳት። ጉልበቴን በጨው ውኃ እያጠበች "እንኳን ደስ ያለህ" አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኛ ቤት ዝምታ ግን በሚገባ ነቅዟል።

ሰኞ 6

እየጻፍኩ ያለሁት በትልልቁ ነው። ገጽ ቢፈጅም ይፍጅ።

ጥዋት ለክሊኒክ ስነሳ ባለቤቴ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማለች። "መንገዴ ነው" አለች። በሕይወቷ መንገዷ ሆኖ አያውቅም።

ሻለቃ እንደ ልማዷ "አባባ፣ ዐይን እንዴት ነው? ቀለም ይለያሉ?" አለች።

"እንደ ንስር።"

ባለቤቴ ከኋላዬ መጣች፤ ከቦርሳዋ ሁለት ክር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከክኒኖቹ ጎን፣ አስቀመጠች። "ቀዩን ስጠኝ" አለችኝ።

ክፍሉ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ነበር። ሁለቱ ክሮች ቁጭ ብለዋል፤ መንታ ናቸው። አንዱን ማንሳት ነበረብኝ። ዕድሌ ግማሽ በግማሽ ነውና አነሳሁ።

ባለቤቴ ከእጄ ተቀብላ ሌላውን አስጨበጠችኝ። ሻለቃ ካርዴን ሳበች፤ ዛሬ ከምውጣቸው ክኒኖች አንዱን ለቅማ ወደ ጎን አደረገች። ድምፅዋ የሻለቃ አልነበረም። "አባባ፣ ባለፈው ወር ነግሬዎት አልነበር? መጽሐፉንስ እንዴት አነበቡት?"

"ከፊቴ የነበረው ሰውዬ አነበበልኝ" አልኩ።

ከሰዓት ዐይን ሐኪም ዘንድ ነበርን። ሰውዬው ብርሃን ዐይኔ ውስጥ ሲያበራ ቆየና ነርቩ ተጎድቷል አለ። ያ ክኒን ቆሟል፤ በሌላ ይተካል። "አብዛኛው ሰው ይመለስለታል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ በወራት። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ከአራት ሳምንት በፊት መጥተው ቢሆን…" አለና ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሐኪሞች ዐረፍተ ነገር ጀምረው የሚተዉት ለትሕትና ነው።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"አረንጓዴውን ክር ያመጣህ ቀን።"

"ሃያ አምስት ቀን! ሃያ አምስት ቀን ዝም አልሽ?"

"ዕድሜ ነው ብዬ ነዋ! ደግሞ ብናገር ያስተኙሃል፣ ኤግዚቢሽኑ ይቀርብሃል ብዬ። ካለፈ በኋላ እወስደዋለሁ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ዓርብ ዕለት ጉልበትህን ሳጥብ ነው የበቃኝ።" መሐረቧን አወጣች። ባለቤቴ አታለቅስም፤ "ዐይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ" ነው የምትለው። ግን ዛሬ እሱንም አላለችም። "እኔስ ከክኒኑ መሆኑን አላወቅሁም። አንተ ግን ተነግሮህ ነበር።"

ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣ ሰውዬ ነኝ።

"ተነግሮኝ ነበር" አልኩ።

ረቡዕ 8

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ክኒን ቆጥራ ታስውጠኛለች። ሻለቃ ቤታችን ገብታለች።

ሐሙስ 9

ኃላፊዋ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። መሰወር የሚባል ነገር የለም፤ ዐይኔ ታሞ ነው፤ ፎቶዎቹን እንደ ገና እሠራቸዋለሁ፤ ካልቻልኩም ይቅር።

"ብሮሹሩ ታትሟል እኮ!" አለች። ከዚያ ያለችው ነገር ያሳፈራት መሰለኝ። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። "ጋሼ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ እጠብቅዎታለሁ። ያለቀውን ያህል እንሰቅላለን።"

ቤት ስመለስ ለስፌት ክፍሉ በር ነው የተናገርኩት፦ "እስከ ረቡዕ ሰጥተውኛል።" የስፌት መኪናው ቆመ። ባለቤቴ አፏ ላይ ስፒል እንደነከሰች መጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ ስፒሎቹንም አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች።

"አምጣት እስቲ የእሑዷን ሴትዮ" አለች።

ቅዳሜ 11

እንዲህ ነው የምንሠራው። የቀለሙን ፎቶ እሷ ታያለች፣ ትነግረኛለች፤ እኔ የትኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ እነግራታለሁ፤ እሷ ትገፋለች። ቀለም አጠራሯ ግን ከየትም አይገኝም። ሮዝ የሚባል ነገር እሷ ዘንድ የለም። "ይህቺ የሕፃን ብርድ ልብስ ናት። ይህቺ ለጥርስ ሐኪሟ የሰፋሁት ሸሚዝ፣ ሁለቴ የታጠበው። ክንፏ ሥር ያለው ደግሞ የገበር ጨርቅ ነው።"

"ውኃውስ?"

"ወታደር ካፖርት።"

"እንግዲያው ካፖርቱን አጥቁሪው፣ ብርድ ልብሱን አንጪው።"

"ወጡ!" ብላ ጮኸች። ልጄ ደንግጣ እየሮጠች መጣች። "ወጡ እኮ! ሁሉም!"

ማክሰኞ 14

አሥራ ሰባት አለቀ። ባለ ቀይ ካልሲ እግሯን አግኝታለች። ባለቤቴ በአንድ ፎቶ ላይ አንድ ሰዓት ትቆያለች። ሳቢሳዋ ላይ "አንገቷን ስትሰብር ልብ ብለሃል? ይህን የመሰለ ስፌት አላየሁም" አለችኝ። እኔ ያነሳሁትን ፎቶ እኔው እንዳይ ትመክረኛለች። ተጨቃጨቅን። ትክክል ነበረች።

ቅዳሜ 18

ሃያ ሁለት ሰቀልን። ሁለቱ አልደረሱም፤ ቦታቸው ላይ ኃላፊዋ የአበባ ማስቀመጫ አኖረችበት። ሥዕል አይደለም፤ ግን ገባኝ።

ብሮሹሩ "ተፈጥሮ እንዴት ከዐይን እንደምትሰወር በድፍረት ያሳዩን አንጋፋ" ይላል አሉ። አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ትልቁ ፎቶ ፊት ቆሞ፣ ወረቀቱን እያነበበ፣ ለሚስቱ "አየሽ፣ አንድም ወፍ የለም" አላት። ሁለት መቶ ወፍ ፊቱ ተኮልኩሎ። ዐይነ ስውር እኔ ብቻ አለመሆኔ አጽናናኝ።

አንዲት ልጅ ባለቤቴን "እርስዎም ፎቶ አንሺ ነዎት?" ስትላት ሰማሁ። "እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ" አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና "ግን ጥቁርና ነጩ የኔ ነው" አለች።

ፎቶዎቹን በደንብ አላየኋቸውም። ጭጋግ አለባቸው። ሰው ሲያያቸው ግን አይቻለሁ፤ ማለቴ ሰምቻለሁ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ላወልቅ ብል አልቻልኩም፤ ባለቤቴ ናት ያወለቀችልኝ። "ብናኝ ነው" አልኳት።

ሰኞ 4

ሌላ ወር። ዐይን ሐኪሙ የፊደሉን ሰሌዳ ዘረጋ። በፊት ከሦስተኛው መስመር አላልፍም ነበር፤ ዛሬ አምስተኛው ላይ ደረስኩ። ከፊቴ ማንም ሰው አልነበረም። ቀለሙ ገና ነው። "ይጠብቁ" አለ። ሰማያዊ ሰማያዊነቱን አልተወም፤ ቀይ ግን አሁንም የውሸት ስም ነው።

ራሴን የምወቅሰው በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ከምግብ በኋላ።

እሑድ 10

ባለቤቴ ሐይቅ መጣች። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ማንም አልለመናትም፤ ጥዋት ጫማዋን አድርጋ "ያቺ ሴትዮ የት ነው የምትቀመጠው?" አለች።

አውቶቡስ ውስጥ ስለ ወንበሩ አማረረች። ከአውቶቡስ ወርደን ስለ መንገዱ። ዳር ስንደርስ ስለ ሽታው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ትንኙ፤ "ለዚህ ነው እሑዶቼን ሁሉ የቀማኸኝ?" አለች። እኔ የሚታየኝ ሰፊ ግራጫና ግራጫው ላይ የሚርመሰመስ ግራጫ ነው። ድምፃቸውን ግን ሰማሁ፤ ብዙ ናቸው።

ካሜራውን ሰጠኋት። የት እንደምትጫን አሳየኋት፤ ትንፋሿን እንድትይዝ ነገርኳት። መጀመሪያ "ከባድ ነው፣ አንገቴን ሰበረው" አለች። ከዚያ ዐይኗን አስጠጋች።

ዝም አለች።

ይህች ሴት ተኝታ እንኳ የምትናገር ናት። ጠበቅሁ። ከጎኔ አንዴ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ቆይቶ ሌላ ቀጭ።

"ምን ይታይሻል?" አልኳት።

"ዝም በል፣ ትበረግጋለች።"

"ስንት ናቸው? ምን ይመስላሉ? የሕፃን ብርድ ልብስ ናቸው?"

"ቆይ አልኩህ እኮ። ስጨርስ እነግርሃለሁ።"

ጭቃው ላይ ኮቴን አንጥፌ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪመጣ አልጨረሰችም።